ፍየሎች ባሉበት ግቢ የወጣቶች ጨዋታ እንዴት ይዘጋጃል?

ጎንደር ውስጥ ግቢ ያለው ቤት ሁለት ሦስት ፍየል ቢያኖር ብርቅ አይደለም። ለቢላ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ የሚያዙም አሉ። ስም ወጥቶላቸው፣ ሲጠሩ እየሮጡ የሚመጡ። እንዲህ ባለ ቤት ወጣቶችን ሰብስቦ መጫወት በጣም ደስ ይላል። ግን ፍየሎቹን ሳያስቡ ከደገሱ ነገሩ ሁሉ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ይሆናል። የእኔ ምክር ቀኑን ለሁለት ክፈሉት ነው፦ ብርሃን እያለ ከፍየሎቹ ጋር፣ ሲመሽ ያለ ፍየሎቹ።

መጀመሪያ ቀን ምረጡ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ቅዳሜ ብዙ ሰው ገበያ ይውላል። እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ይመቻል። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፤ ግቢው ይጨቀያል፣ ፍየልም ዝናብ አትወድም። ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ። «እማማ፣ እሁድ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ትንሽ ጫጫታ አይጠፋም፣ እርስዎም ብቅ ይበሉ» ካላችሁ በቂ ነው።

በዋዜማው ግቢውን አንድ ዙር ዙሩና ፍየል አፍ ሊገባ የሚችለውን ሁሉ አንሱ። ቀንደኛው ጠላት ፌስታል ነው። ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ እየተጠራቀመ ይዘጋል። የአቮካዶ ዛፍ ካላችሁ የረገፈውን ቅጠል ጥረጉ፣ ለፍየል መርዝ ነው። ለቡናው ቄጤማ የምትጎዘጉዙ ከሆነ ቤት ውስጥ አድርጉት። ደጅ ከጎዘጎዛችሁት ቡናው ሳይቆላ ቄጤማው አልቆ ታገኙታላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ምግብ። የእንግዳ እጅ አያርፍም። አንዱ ድፎ ይቆርሳል፣ አንዷ ቆሎ ትዘግናለች፣ ሌላው ፈንድሻ ይበትናል። ሁሉም «ትንሽ ነው» ይላል፤ ሃያ ሰው ትንሽ ትንሽ ሲሰጥ ግን ብዙ ነው። ፍየል የምታመሰኳ እንስሳ ናት፤ ሆዷ የተሠራው ለቅጠልና ለሣር ነው። ያልለመደችውን እህል ወይም ዳቦ በአንዴ ስትጠግብ ሆዷ ውስጥ እየፈላ አሲድ ይሆናል። ይህ ፍየልን እስከ መግደል ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት ሣርና ድርቆሽ በደንብ አብሏቸው፣ ውኃም አይጥፋ። ከዚያ የወይራና የግራር ቅርንጫፍ አስቆርጣችሁ በሩ አጠገብ አስቀምጡ። «ፍየል ማብላት ያማረው ከዚህ ብቻ!» በሉ። ክልከላ ብቻ አይሠራም፤ የሚሰጡት ነገር ሲያገኙ ግን ልጆቹ ይሰማሉ።

ለራሳችሁ ሽሮ፣ ድፎ፣ ቆሎና ብርዝ ይበቃል። የፍየል ጥብስ ግን በዚያ ቀን አይቅረብ። ስም ያላትን ፍየል እያሻሹ ጥብስ መጉረስ ለእኔ አይዋጥልኝም።

እንግዶች ሲገቡ አያያዙን አሳዩ። ፍየል ከፊት የላይኛው ጥርስ የላትም። ቅርንጫፉን ከጫፉ ይዞ የሚያቀርብ ሰው የሚሰማው ለስላሳ ከንፈር ብቻ ነው፤ ጣት ወደ መንጋጋዋ ማስገባት ግን ያስነክሳል። አንገቷንና ትከሻዋን እከኩላት። ግንባሯን መግፋት ክልክል ይሁን፤ ለልጆቹ ጨዋታ ቢመስልም ለፍየሏ የመዋጋት ግብዣ ነው። ቀንድም አይጎተት። ነጠላ የለበሰች ልጅ ዘርፉን ትሰብስብ፣ መታኘኩ አይቀርም። ወጠጤ ካላችሁ ለብቻው አቆዩት።

ለጨዋታው ድንጋይና ግንድ ደረጃ በደረጃ ደርድሩ። ፍየል ከፍ ያለ ነገር ካየች አታልፍም። ወጣቶቹ በሁለት ቡድን ሆነው፣ በመዳፋቸው ትንሽ ጨው ይዘው፣ ሳይነኩና ሳይገፉ ፍየሏን ጫፍ ላይ ለማድረስ ይወዳደሩ። ሳቁ ከዚህ ይጀምራል። እንቆቅልሽም ጨምሩበት፤ የተሸነፈ ቡድን ቅጠል ያመጣል። ፍየሎቹ ጥግ ይዘው መተፋፈግ ከጀመሩ ሰልችቷቸዋል፣ ልቀቋቸው።

ወደ 12 ሰዓት ገደማ ጋጣ አስገቧቸው፣ በሩንም በደንብ ዝጉ። ዳር ሰፈር ከሆናችሁ ማታ ጅብ አለ። ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ስፒከሩ ከጋጣው በተቃራኒ ይሁን። ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ካለ ደግሞ ከስፒከር በፊት እሱ ይቅደም። ጎንደር ላይ እስክስታ በማሲንቆ ሲጀመር ትከሻ ራሱ ይነሳል። ከዚያ በኋላ የእኔ ምክር አያስፈልጋችሁም።

ሳትተኙ ግቢውን ጥረጉ፤ ፌስታል፣ የማስቲካ ወረቀት፣ የወደቀ ዳቦ ሁሉ ይለቀም። ጠዋት ፍየሎቹን ከመልቀቃችሁ በፊት ማመስኳታቸውን እዩ። ከግራ ጎኗ ሆዷ ተነፍቶ እንደ ከበሮ የተወጠረች፣ መብላትም ያቆመች ካለች በቤት መድኃኒት ጊዜ አታጥፉ፣ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።