አገሩ የረሳውን ልቦለድ ባሕር ማዶ ማን አቆየው? እንዲህ አጣሩ

አንድን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልቦለድ የተጻፈበት አገር ረስቶት፣ ሌላ አገር ሰው እየተቀባበለ ሲያነበው ካያችሁ «ጥሩ መጽሐፍ ስለሆነ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጥሩ ከሆነ የራሱ ሰዎች ለምን ረሱት? ይልቅ ማን ተሸክሞ እንደወሰደው ጠይቁ። እዚያ ያሉት አንባቢዎች ያኔ ምን ላይ እንደነበሩም ጠይቁ።

«ዘ ጋድፍላይ»ን እንያዝ። ከብት የሚነክሰው ዝንብ ማለት ነው። የወጣው በ1897 ነው፣ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። ደራሲዋ ኤቴል ቮይኒች ኮርክ፣ አየርላንድ ተወለደች፤ አባቷ የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ቡል ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ አንባቢው ስሟን ብትጠሩለት እምብዛም አያውቃትም። ሶቭየት ኅብረትና ቻይና ውስጥ ግን ትውልድ አድጎበታል።

መጀመሪያ የደራሲዋን ሕይወት እዩ። ለሐሜት አይደለም፣ መጽሐፉ ውስጥ የማን ኑሮ እንደገባ ለማወቅ ነው። ቮይኒች ከ1887 እስከ 1889 ሩሲያ ኖራለች፣ ለንደን ላይም ከስደተኛ የሩሲያ አብዮተኞች ጋር ትውል ነበር። ታሪኩ ጣሊያን ውስጥ ነው የሚካሄደው። ኅቡዕ ማኅበሩ፣ በድብቅ የሚታተመው ወረቀት፣ እስሩ ግን ለሩሲያ ወጣት የሰፈር ወሬ ነበር።

ቀጥሎ የትርጉሞቹን ዓመት ጎን ለጎን ጻፉ። ሩሲያኛው 1898፣ ቻይንኛው 1953። መሃል ላይ ያለችው ክፍተት ናት የምትናገረው። በ1930ዎቹ የሶቭየቱ ደራሲ ኒኮላይ ኦስትሮቭስኪ በጻፈው ዝነኛ ልቦለድ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕሪ ፓቬል ኮርቻጊን ይሄንን መጽሐፍ የሚወድ ልጅ ነው። ቻይናዎቹ ኮርቻጊንን አነበቡና እሱ ያነበበውን ፈለጉ። መጽሐፍ መጽሐፍን ይጎትታል፤ ብዙ ሰው ሲያጣራ የሚዘለው ይሄንን ነው።

የቅጂ ብዛት ካገኛችሁ አትቸኩሉ። ሶቭየት ኅብረት እስከ 1973 ድረስ በዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ስምምነት ውስጥ አልነበረችም፣ የውጭ ደራሲን ሳያስፈቅዱና ሳይከፍሉ ማተም ይቻል ነበር፤ ማተሚያ ቤቱም የመንግሥት ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ የአንባቢን ፍቅር ብቻ ሳይሆን የአሳታሚን ዕቅድም ይለካል። ቮይኒች ራሷ ኒው ዮርክ ተቀምጣ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ምን ያህል ዝነኛ እንደሆነች ያወቀችው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ዘጠና ዓመት አልፏት ነበር!

አሁን ዋናው ሥራ። መጽሐፉን አንብቡ፣ ሰው የሚያለቅስበትን ገጽ ፈልጉ። አርተር የሚባለው ተማሪ ለቄስ ይናዘዛል፣ ቄሱ ለፖሊስ ይነግርበታል። ጓደኞቹ ይታሰራሉ። የሚወዳት ልጅ ከሃዲ መስሏት በጥፊ ትለዋለች። በዚያው ሰሞን እንደ አባት የሚያየው ካህን ሞንታኔሊ እውነትም የወለደው አባቱ እንደሆነ ይሰማል። መዶሻ አንስቶ የስቅለቱን ምስል ያደቅቀዋል። መጨረሻ ላይ ሊረሽኑት ሲያቆሙት ወታደሮቹ ስለወደዱት እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መጀመሪያ ሲተኩሱ ይስቱታል፣ እሱ ደግሞ በአተኳኮሳቸው ያሾፍባቸዋል።

ሃይማኖትን ለሚጠላ መንግሥት ያ መዶሻ ሰርግና ምላሽ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን አንባቢውን ይዞ ያቆየው አባትና ልጁ ናቸው። አባትየው ካርዲናል ሆኖ ልጁ ወይ እኔን ወይ አምላክህን ምረጥ ይለዋል፤ እዚህ ጋ ፖለቲካውን ትረሱታላችሁ። እናንተ ሌላ ልቦለድ ስታጣሩም ሁለቱን ለዩ፦ አሳታሚው ለምን አሳተመው፣ አንባቢው ለምን ያዘው። መልሱ አንድ ላይሆን ይችላል።

ፊልምና ሙዚቃም አትርሱ። በ1955 ሶቭየቶች ፊልም ሠሩበት፣ ሙዚቃውን የደረሰው የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ሾስታኮቪች ነው። ከዚያ ውስጥ «ሮማንስ» የሚባለው ቁራጭ በ1983 የአንድ የእንግሊዝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ መግቢያ ሆነና ስንቱ ሰው መጽሐፉን ሳያይ ዜማውን ወደደ። ስለዚህ «ጋድፍላይን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ አንብቦት ነው ወይስ ሰምቶት፣ መጀመሪያ ይሄንን ጠይቁት።