ትልቅ ቁጥር አይታችሁ አትቸኩሉ

"ቲቸር፣ ይሄ ፕራይም ነው!" ይሉኛል ተማሪዎቼ፣ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ። ፕራይም ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው፣ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ነው። በ2 ሞከሩት፣ በ3፣ በ5፣ በ7። ጎበዞቹ እስከ 13 ደረሱ። እምቢ አለ። በቃ፣ ፕራይም ተባለ!

እስኪ 30,031ን እንየው። ከ2 እስከ 13 ያሉት ስድስት ፕራይሞች ሲባዙ 30,030 ይመጣል። አንድ ስትጨምሩበት በስድስቱም 1 ይተርፋል። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ፕራይሞች ማለቂያ እንደሌላቸው ያሳየው በዚህ ዓይነት አካሄድ ነው። አዲሱ ቁጥር ግን የግድ ፕራይም ነው አላለም። ወይ ራሱ ፕራይም ነው፣ ወይ ከዝርዝራችን ውጭ የሆነ ፕራይም ያካፍለዋል።

ይህን የምጮኸው ስለተቃጠልኩበት ነው። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት "30,031 ፕራይም ነው" ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ አሰመርኩበትም። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ 59 ሲባዛ በ509 ስንት ነው?" ጠመኔዬን ይዤ አባዛሁ። 30,031። ላብ በላብ ሆንኩ።

መቆሚያው ስኩዌር ሩቱ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው) ነው፤ እዚህ ላይ 173 ገደማ። ሁለት አካፋዮች ሁለቱም ከ173 ቢበልጡ ብዜታቸው ከ30,031 ያልፋላ! እስከ 173 ድረስ 40 ፕራይሞች አሉ። 13 ላይ የቆመ ልጅ የሞከረው ስድስቱን ብቻ ነው። 59 አሥራ ሰባተኛው ነው። እስከ ግማሹ፣ እስከ 15,015 የሚለፉም አሉ። እነሱ እንኳ ድካማቸው እንጂ መልሳቸው አይጠፋም።

የአኃዝ ድምር ዘዴ (አኃዞቹን ደምሮ ድምሩ ይካፈል እንደሆነ ማየት) ለ3 እና ለ9 ነው፣ ለ7 አይሠራም። "3 ሲደመር 3 ሲደመር 1፣ 7፤ ስለዚህ 30,031 በ7 ይካፈላል" ያለኝን ልጅ ግን እስካሁን እወደዋለሁ።

በ4ም በ6ም ስለተካፈለ በ24 ይካፈላል ማለት አይደለም። 30,036ን ሞክሩት።

አካፋይ ስትቆጥሩ አርቢዎቹን (እያንዳንዱ ፕራይም ስንት ጊዜ እንደተባዛ የሚነግሩትን ቁጥሮች) እንዳለ አታባዙ። 360,360 ወደ ፕራይሞች ሲበተን 2 ሦስት ጊዜ፣ 3 ሁለት ጊዜ፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 አንድ አንድ ጊዜ ይገኛሉ። በእያንዳንዱ አርቢ ላይ አንድ ጨምሩና አባዙ፦ 4×3×2×2×2×2። 192 አካፋዮች። ሳትጨምሩ ካባዛችሁ 6 ይወጣል፤ ከ1 እስከ 7 ያሉት ሰባቱ ብቻ እኮ ሁሉም ያካፍሉታል።

"ፕራይም ካልሆነ አካፋዩን አሳየኝ" የሚለው ክርክርም አያዋጣም። 2 በ67 አርቢ ሲቀነስ 1ን ፈረንሳዊው መነኩሴና የሒሳብ ሰው መርሴን በ1644 ፕራይም ብሎት ነበር። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ በ1876 እንዳልሆነ አረጋገጠ፣ አንድም አካፋይ ሳያገኝ። አካፋዮቹን በ1903 ያገኛቸው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኮል ነው፦ 193,707,721 እና 761,838,257,287። ብዜቱ 21 አኃዝ ነው። ተራው የስልክ ካልኩሌተር አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን አኃዞች ይቆርጣቸዋል፣ ስለዚህ ማረጋገጥ ያማራችሁ ወረቀት አዘጋጁ።