የጥገኛ ጠፍጣፋ ትሎችን ቤተሰብ ስንለይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂም ሆነ ሕክምና ላብራቶሪ የምትማሩ ልጆች፣ የትሎቹን ስም በቃል መሸምደድ ያደክማል። የአሰያየም ሕጉን ከያዛችሁት ግን ስሙ ራሱ ይመራችኋል።

መጀመሪያ፣ ትልን ሁሉ አንድ ላይ አትጨፍልቁ። ወስፋት ድቡልቡል ትል ነው። ከኮሶና ከቢልሃርዚያ ትል ጋር ዝምድና የለውም።

መጠን አይቶ መመደብም ያሳስታል። ኮሶ፣ ማለትም ቴኒያ ሳጂናታ፣ ሰው አንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢካይኖኮከስ ግራኑሎሰስ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱም የቴኒዴ ቤተሰብ ናቸው።

በጣም የሚያሳስተው እጩ፣ ማለትም ገና ያልጎለመሰው ትል ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲበለት ጠጋ ብላችሁ እዩ። አንዳንዱ ቆሮሶ ስንጥቡ አካባቢ ምስር የሚያህል ቢጫ ነገር ይገኝበታል። ይህ የክሊኖስቶመም እጭ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡ ክሊኖስቶሚዴ ነው። በእጩ መልክ ብቻ ዝርያውን ለመወሰን አትቸኩሉ፤ የመራቢያ አካሉ ገና አልጎለመሰም። ትሉ መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ወደ ዓሣ ይገባል፣ የሚጎለምሰው ደግሞ ዓሣ በሚበላ ወፍ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ነው። ሦስት ማደሪያ፣ አንድ ትል። ድሮ እጩና ጎልማሳው እንደ ሁለት ፍጥረት የተለያየ ስም ይወጣላቸው ነበር። በከብት ሥጋ ላይ የሚታየው ፊኛ ሲስቲሰርከስ ቦቪስ የተባለው በዚህ መንገድ ነው። ቁርጥ ወዳጁ ሆድ ሲገባ የሚሆነው ያው ቴኒያ ሳጂናታ ነው!

የቃሉን መጨረሻም ልብ በሉ። የእንስሳት ቤተሰብ ስም «-ኢዴ» ብሎ ያልቃል። «-ኢኔ» ንዑስ ቤተሰብ ነው፣ «-ኦይዲያ» ደግሞ ከቤተሰብ በላይ ያለው እርከን። ስሙ የሚመሠረተው ከአንድ ወገን (ጂነስ፣ ከቤተሰብ በታች ያለ እርከን) ስም ግንድ ስለሆነ ከሺስቶሶማ፣ ማለትም ከቢልሃርዚያ ትል፣ የሚወጣው ሺስቶሶማቲዴ ነው እንጂ ሺስቶሶሚዴ አይደለም፤ «ት»ዋን አትዝለሏት። የዚህ ቤተሰብ ትሎች ወንድና ሴት ተለይተው ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጠፍጣፋ ትሎች ፍናፍንት ናቸው ብላችሁ ግን ከትሬማቶዶች (ክሊኖስቶመምም ካለበት የጠፍጣፋ ትሎች ክፍል) እንዳታወጧቸው።

የቀረው በሰያሚው ስምና ዓመት ዙሪያ የሚደረገው ቅንፍ ነው፤ የሚደረገው ዝርያው መጀመሪያ ከተሰየመበት ወገን ወደ ሌላ ሲዛወር ነው። ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም (ቢልሃርዝ፣ 1852) ስንል፣ ቢልሃርዝ መጀመሪያ የሰየመው በሌላ ወገን ስር፣ ዲስቶመም ብሎ ስለነበር ነው። ቴኒያ ሳጂናታ ጎዜ፣ 1782 ግን ከተሰየመበት ወገን ስላልወጣ ያለ ቅንፍ ይጻፋል።