መሣሪያ የመያዝ መብትና ቁጥጥር፦ ሁሌ የማያቸው ስህተቶች

ቨርጂኒያ ውስጥ የሽጉጥ አያያዝ አስተምራለሁ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ታክሲ የሚነዱ፣ ሌሊት ነዳጅ ማደያ የሚሠሩ፣ ሱቅ ያላቸው። እኔ መሣሪያ መያዝ መብት ነው ብዬ አምናለሁ። ጠበቅ ያለ ቁጥጥርም እፈልጋለሁ። ይሄን ስናገር ክርክር ይነሣል፣ ክርክሩ ውስጥም እነዚሁ ስህተቶች ይመላለሳሉ።

መጀመሪያ፣ መብትና ቁጥጥርን ባላንጣ ማድረግ። በ2008 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሄለር ጉዳይ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ የመያዝ መብት እንዳለው ወሰነ። የዋሽንግተን ዲሲንም እገዳ ሻረ። ይሄን ሁሉም ያውቃል። እዚያው ውሳኔ ላይ መብቱ ገደብ እንዳለው መጻፉን ግን ብዙ ሰው አያነበውም። በ2024 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት በራሂሚ ጉዳይ፣ የፍቅር ጓደኛውን በማስፈራራቱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ እንዳይይዝ መከልከል ይቻላል አለ። ስምንት ለአንድ ነው የተወሰነው።

መሣሪያ የያዘን ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። ሁለት ጊዜ የተዘረፈ የሌሊት ካሸር ለምን ፈራህ አይባልም።

አሜሪካን አንድ ሕግ ያላት አገር አድርጎ ማሰብ። ሽጉጥ ይዞ ለመንቀሳቀስ ቨርጂኒያ የምትሰጠው ፈቃድ ጎረቤቶቿ ዲሲም ሜሪላንድም አይሠራም። ቀኑን ሙሉ ወደነሱ ድልድይ የምትሻገር ሾፌር ከሆንክ ይሄን ሳታውቅ ሞተር አታስነሣ።

«የአክስቴ ልጅ ወረቀቱ ገና ነው፣ በስሜ ልግዛለት?» እባካችሁ ተዉ! መግዛት ለማይፈቀድለት ሰው በራስ ስም መግዛት የፌዴራል ወንጀል ነው። በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል።

አሁን አንጀቴን ወደሚያሳርረኝ ልምጣ። ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለ ሌባና ትምህርት ቤት ስለሚገባ ገዳይ ብቻ ነው። በ2021 አሜሪካ ውስጥ 48,830 ሰው በመሣሪያ ሞቷል። ከግማሽ በላዩ ራሱን ያጠፋ ነው። ከግማሽ በላዩ! እኛ ዘንድ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም፤ «በድንገት ዐረፈ» ተብሎ ድንኳን ይጣላል። አንድ ቀን አንዲት እህት ደወለችልኝ። ባሏ ከሥራ ከወጣ ወዲህ እንቅልፍ የለውም፣ ከሰው አይነጋገርም፣ ሽጉጡ ትራሱ ሥር ነው። «መብቱ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን ሕግ አላት። መሣሪያው ለጊዜው እንዲነሣ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ይዞ ያመለክታል። አስቸኳዩ ትእዛዝ የሚቆየው 14 ቀን ነው። ከዚያ ሰውየው ዳኛ ፊት ቀርቦ ይሰማል፤ ዳኛው ቢያጸናው እስከ 180 ቀን ነው። ሚዛን ስል ይሄን ማለቴ ነው። አደጋው እስኪያልፍ መሣሪያው ይነሣል፣ መብቱ ግን ለዘለዓለም አይወሰድም። ባልየው እዚያ ድረስ አልደረሰም። ወንድሙ ሲለምነው እያለቀሰ አውጥቶ ሰጠው። ዛሬ ደኅና ነው።

የመጨረሻውን እኔም ሠርቼዋለሁ። የአገር ቤትን ልማድ እዚህ ማምጣት። ጎጃም የአባቴ ምንሽር ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይውል ነበር፤ ማንም ልጅ ነክቶት አያውቅም። ግን እዚያ ቤት ሁሌ ሰው አለ። አያት አለች፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። እዚህ እናትም አባትም ደብል ሺፍት ገብተው ልጆች አፓርትማ ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ። እኔ ሽጉጤን ቁምሳጥን አናት ላይ፣ ብርድ ልብስ ሥር አስቀምጥ ነበር። አይደርስበትም ብዬ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የወጥ ቤቱ ወንበር ቁምሳጥኑ ሥር ቆሟል። የስድስት ዓመት ልጄ ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ ብርድ ልብሱን በአንድ እጁ ገልጦ ይፈልጋል። ለልደቱ የደበቅንለትን ኳስ ነበር የሚፈልገው። ሽጉጡ ከጣቱ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ ጥይት ጎርሷል።

በማግስቱ ካዝና ገዛሁ። አሁን ተማሪ ሲመዘገብ መጀመሪያ የምጠይቀው ካዝናው የት እንደሚቀመጥ ነው። ከሌለው፣ ገዝተህ ተመለስ እለዋለሁ።