የቤት ቪዲዮ ኤዲት ከማድረጋችሁ በፊት ፎልደሩን እንዴት ታደራጃላችሁ?

ልጄ መራመድ የጀመረችበትን ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ ግማሽ ላይ ደርሼ ነበር። ዴስክቶፑ ስለተጨናነቀብኝ እዚህም እዚያም የተበተኑትን ክሊፖች ሰብስቤ ወደ ሌላ ፎልደር ወሰድኳቸው። በማግስቱ ፕሮጀክቱን ስከፍት ክሊፖቹ በተራ የሚደረደሩበት ታይምላይን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። አንድም ምስል የለም። በጣም ደነገጥኩ።

ክሊፖቹ ግን አልጠፉም ነበር። እንደ ፕሪሚየርና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያሉት የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች፣ ክሊፕ ኢምፖርት ስታደርጉ (ወደ ሶፍትዌሩ ስታመጡ) ቪዲዮውን ራሱን ወደ ፕሮጀክቱ አያስገቡትም። የሚይዙት አድራሻውን ብቻ ነው፦ የትኛው ድራይቭ፣ የትኛው ፎልደር፣ ምን የሚባል ፋይል። አድራሻው ሲቀየር ያጡታል። ስለዚህ ፎልደር የሚደራጀው ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት ነው።

1. አንድ ዋና ፎልደር ክፈቱ

ለአንድ ሥራ አንድ ዋና ፎልደር ይኑር። ስሙን ከዓመቱ ጀምሩ፦ «2025-03-08_ልጄ ስትራመድ»። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል ከተጻፉ፣ ኮምፒውተሩ በስም ሲደረድራቸው ራሳቸው በጊዜ ተራ ይሰለፋሉ። በቁጥሮቹ መሀል ጭረት አድርጉ፤ «/» ያለበትን ስም ዊንዶውስ አይቀበልም።

2. ውስጡን ከፋፍሉ

ለቤት ቪዲዮ እነዚህ አምስቱ ይበቃሉ፦

01_ጥሬ ቪዲዮ
02_ድምፅ
03_ፎቶ
04_ፕሮጀክት
05_ያለቀ

ከዚህ በላይ መከፋፈል ያለበት ጥሬ ቪዲዮው ብቻ ነው፤ እሱም በተቀረጸበት ዕቃ። «የእኔ ስልክ»፣ «የእህቴ ስልክ»፣ «ካሜራ» እያላችሁ ለየብቻ ክፈቱላቸው። ይህን አትዝለሉት። ሁለት ስልኮች ለየራሳቸው ቪዲዮ አንድ ዓይነት ስምና ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ሁለቱንም አንድ ፎልደር ውስጥ ስትገለብጡ ኮምፒውተሩ «ይተካ?» ብሎ ይጠይቃል። በጥድፊያ እሺ ካላችሁ አንደኛው በሌላው ተተክቶ ይጠፋል።

ሌላ ሰው የቀረጸውን በቴሌግራም ስትቀበሉ ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክላችሁ ንገሩት። እንደ ቪዲዮ ከተላከ ተጨምቆ ነው የሚመጣው፤ ጥራቱ ይወርዳል።

3. ከካሜራው ሚሞሪ ካርድ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ ከት አታድርጉ

መሀል ላይ ገመዱ ቢነቀል ወይም መብራት ቢጠፋ፣ ኮፒ ከሆነ ዋናው ካርዱ ላይ አለ። የምትወዱትን ክሊፕ ብቻ መርጣችሁ አትውሰዱ፤ ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ እንዳለ ገልብጡ። ሲያልቅ የፋይሎቹን ብዛትና መጠን ከካርዱ ጋር አስተያዩ። ሁለት ሦስት ክሊፕ ከፍታችሁ ወደ መጨረሻቸው ሂዱና እዩ። ሁለተኛ ኮፒ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ ብቻ ካርዱን አጽዱ፤ እሱንም ካሜራው ውስጥ ፎርማት በማድረግ።

ረጅም ቪዲዮ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ብዙ ካሜራዎች ረጅሙን ቀረጻ ቆራርጠው በተለያዩ ፋይሎች ያስቀምጡታል። ለምሳሌ ጎፕሮ በሚባለው ትንሽ ካሜራ «ጂኤክስ010034» እና «ጂኤክስ020034» የአንድ ቀረጻ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ናቸው። ቀረጻውን የሚለየው የመጨረሻው 0034 ነው፤ ከፊት ያለው 01 እና 02 የክፍሉ ቁጥር ነው። በስም ስትደረድሯቸው ግን የሁሉም ቀረጻ አንደኛ ክፍሎች ከላይ ይሰበሰቡና ተከታዩ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ይህን ያላወቀ ሰው ቪዲዮው ተቆርጦ የቀረ ይመስለዋል።

4. ስም መቀየር ካለባችሁ አሁን ቀይሩ

ኢምፖርት ካደረጋችሁ በኋላ የፋይል ስም አይነካም። እኔ የሁሉንም ስም መቀየር ድካም ነው እላለሁ። የምፈልጋቸውን አምስት ስድስት ክሊፖች መርጬ፣ የቀድሞ ስማቸውን ሳልነካ ከኋላው «_የመጀመሪያ እርምጃ» ዓይነት ቃል እጨምራለሁ።

5. ፕሮጀክቱን በቁጥር ሴቭ አድርጉ

«ስሪት01»፣ «ስሪት02» እያላችሁ ሂዱ። «የመጨረሻ» የሚል ስም አትስጡ፤ ነገ ሌላ ማስተካከያ ይመጣል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ፕሮጀክቱን የሚያስቀምጠው በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ስለሆነ ፎልደራችሁ ውስጥ አታገኙትም። ሥራ ስትጨርሱ ፕሮጀክቱን ኤክስፖርት አድርጋችሁ «04_ፕሮጀክት» ውስጥ አስቀምጡት።

6. ሲያልቅ

ቦታ ካጠበባችሁ ካሽ (ሶፍትዌሩ ሥራ እንዲፈጥን ለጊዜው የሚያስቀምጣቸው) እና ፕሮክሲ (ለኤዲት የሚሠሩ ቀለል ያሉ የክሊፕ ቅጂዎች) ፋይሎችን ሰርዙ፤ ካሹን ሶፍትዌሩ ራሱ፣ ፕሮክሲውን ደግሞ ስታዙት መልሶ ይሠራል። ጥሬው፣ ፕሮጀክቱና ያለቀው ግን ይቀመጡ። ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ቢሆን ጥሩ ነው። ወደ ሌላ ዲስክ ስትወስዱ ዋናውን ፎልደር ሙሉውን አንሱት፤ ከውስጡ አትቀንሱ።

ቀይ ታይምላይን ከገጠማችሁም ክሊፖቹን አትሰርዙ፣ ሥራውንም ከዜሮ አትጀምሩ። የጠፉትን ክሊፖች ምረጡና በቀኝ ክሊክ ከሚመጣው ዝርዝር ፕሪሚየር ላይ «ሊንክ ሚዲያ»፣ ሪዞልቭ ላይ «ሪሊንክ» የሚለውን ተጫኑ፤ ከዚያ አዲሱን ፎልደር አሳዩት። የፋይሎቹ ስም እስካልተቀየረ ድረስ ያገኛቸዋል። እኔም እንዲሁ አደረግኩ። ቀዩ ለቀቀና ልጄ ካቆመችበት መራመዷን ቀጠለች።