ፕሮፖዛልን የሚጥሉ ስህተቶች

በዩኒቨርሲቲ የምርምር ጥሪ ላይ ጥሩ ሐሳብ የያዘ ፕሮፖዛልም ክፍሎቹ እርስ በርስ ካልተናበቡ ይወድቃል።

ከዓለም መጀመር፦ “በዓለም አቀፍ ደረጃ” ብሎ ተነሥቶ፣ አፍሪካን ዞሮ፣ ወረዳው ጋ ሲደርስ ሦስተኛው ገጽ የሚያልቅበት የችግር መግለጫ ሞልቷል። ወረዳው ምን እንደጎደለው፣ የቀደሙት ጥናቶች ምን እንዳልመለሱና በዚህ ማን እንደሚጎዳ በመጀመሪያው ገጽ ይግባ። “ከዚህ በፊት አልተጠናም” ብቻውን ክፍተት አይባልም፤ ያልተጠና ነገር ሁሉ ገንዘብ አይገባውም።

ዓላማና ዘዴ ሲጣሉ፦ “ለመረዳት” የሚል ዓላማ መቼ እንደተሳካ አይታወቅም። ዓላማው “የሥልጠናውን ውጤት መለካት” ሆኖ ዘዴው የአንድ ጊዜ መጠይቅ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሥልጠናውን ያልወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን ወይም ከሥልጠናው በፊት የተሰበሰበ መረጃ ከሌለ ለውጡ ከምን እንደመጣ በምን ይታወቃል?

የተቀዳ ናሙና፦ 422 የምትባለው የተጠያቂዎች ቁጥር ከፕሮፖዛል ወደ ፕሮፖዛል ትዞራለች። በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግና የሚጠናው ነገር በ50 በመቶው ሕዝብ ላይ ይገኛል በሚል ግምት ሲሰላ 384 ይመጣል፤ ምላሽ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲታከል 422 ይሆናል። በአካባቢው የተሠራ ጥናት የተሻለ ግምት እያለው 50 በመቶን መውሰድ ያስጠይቃል። መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ቤተሰብ በዕጣ የሚመረጥ ከሆነ ደግሞ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ 384ቱን እንደ ሁኔታው በ1.5 ወይም በ2 ማባዛት የተለመደ ነው። ብዙዎች ይህን ይረሱታል።

የተጋነነ በጀት፦ ገምጋሚ ካልኩሌተር የሚያነሣው እዚህ ነው። አንድ መረጃ ሰብሳቢ በቀን 8 ቤት ካዳረሰ 422 ቤት ለአምስት ሰው የ11 ቀን ሥራ ነው። “ለ10 ሰው የ30 ቀን አበል” የሚል መስመር ያየ ገምጋሚ ሌላውንም መጠርጠር ይጀምራል። ዝርዝር የሌለው “ልዩ ልዩ ወጪ”ም ያው ነው።

የጊዜ ሰሌዳውም ይታያል። የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይገኝ መረጃ መሰብሰብ አይጀመርም፤ የገጠር ጉዞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዋለ መንገዱ በጭቃ ሊዘጋ ይችላል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ግንቦት ላይ የተያዘ ግዥ ጨረታው ሳያልቅ ገንዘቡ ተመላሽ ሊሆን ይችላል። ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ካለ የግዥ ጥያቄውን በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ያስገቡ።