በድሬዳዋ በረንዳ ላይ ቅመም ስናበቅል የምንሳሳታቸው ነገሮች

የመጀመሪያው ሥጋ መጥበሻዬ (ሮዝመሪ የሚባለው ተክል) ከሐረር በሚኒባስ ጭኜ ያመጣሁት ነበር። የሸጡልኝ እናት ችግኙን በላስቲክ ጠቅልለው ሲሰጡኝ፣ «እማማ፣ ውሃ ስንት ጊዜ ላጠጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ስረሳው ነው የሚያምርበት። ድሬ ወስደህ በውሃ እንዳትገድልብኝ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርጄ የከተማው ወበቅ ሲቀበለኝ ምክራቸውን እዚያው ተራራው ላይ ትቼው መጣሁ። በዚህ ሙቀት ማን ተክል ያስጠማል? ጠዋት አጠጣሁት፣ ማታ አጠጣሁት። በአምስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ደርቆ መርገፍ ሲጀምር ውሃ አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩለት።

ከሞተ በኋላ ከዕቃው ነቅዬ አየሁት። የላይኛው አፈር እንደ ሸክላ ደርቋል፤ ከታች አንድ ስንዝር ያህሉ ጭቃ ነው፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሥሩን በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው ቡናማው ልጣጭ ተላጠና ክር የመሰለ ነገር ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ተክሉ የሞተው ታፍኖ ነው። ሥር እንደ ውሃው ሁሉ አየርም ያስፈልገዋል፤ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹም የሚጀምሩት ይህን ከመርሳት ነው።

ከግቢ የተቆፈረ አፈር ለዕቃ ይበቃል ማለት

መሬት ላይ ያለ አፈር ትል ይቆፍረዋል፣ ውሃውም ወደ ታች የሚሰርግበት ጥልቀት አለው። ያንኑ አፈር አንድ ባልዲ ውስጥ ስንሞላው በየቀኑ ከሚፈስበት ውሃ የተነሳ እየጠበቀ ሄዶ በሁለት ወር ውስጥ ጡብ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጥና ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ብቻ ይሞላበታል። አሸዋ ብቻውን ደግሞ ውሃውንም ምግቡንም ሳይዝ ያሳልፈዋል። በዚያ ላይ ደቻቱ በጋውን ሙሉ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ሆኖ የሚከርምባቸው ቦታዎች አሉት፤ ለሚበላ ቅጠል የሚሆነው አሸዋ ከየት እንደተዛቀ ማወቅ ያስፈልጋል። ንጹሕ መሆኑን ቢያውቁም እንኳ በሳፋ ውስጥ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠቡት። ከአሸዋው ጋር የሚመጣው ዱቄት የመሰለ ደለል ነው የአፈሩን ቀዳዳዎች የሚደፍነው።

እኔ የምጠቀምበት መስፈሪያ ባዶ የወተት ጣሳ ነው። ለበሶብላና ለናና ሁለት ጣሳ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ ጣሳ ቀይ አፈር፣ አንድ ጣሳ የታጠበ ሻካራ አሸዋ እደባልቃለሁ። ለሥጋ መጥበሻና ለጤና አዳም ብስባሹን ወደ አንድ ጣሳ አወርድና አሸዋውን ወደ ሁለት ከፍ አደርጋለሁ። ድብልቁ መልካም መሆኑን ለማወቅ ጥቂት አርጥበው በእጅዎ ይጨብጡት። ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይይዛል፣ በጣትዎ ነካ ሲያደርጉት ደግሞ ይፈረካከሳል። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ አሸዋ ይጨምሩ፤ ጨርሶ አልጨበጥ ካለ ብስባሽ ይጨምሩ።

አበባ ሻጮች በጥቁር ላስቲክ ሞልተው የሚሸጡትን አፈር ለሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ከመክፈልዎ በፊት ላስቲኩን ከፍተው ያሽትቱት። ጥሩ አፈር ዝናብ የመታው መሬት ይሸታል። ሽታው በረት በረት ወይም ኮምጣጣ ከሆነ ገና አልበሰለም ማለት ነው።

ትኩስ ፍግ እና ትኩስ ገረባ

«ፍግ ያወፍራል» ተብሎ ትናንት ከበረት የወጣ የፍየል በጠጥ ችግኝ ሥር የሚደፋ ሰው በየሰፈሩ አለ። ትኩስ ፍግ እየበሰበሰ ሲሄድ ይሞቃል፣ የሚያቃጥል አሞኒያ ያወጣል፣ ጨውም ይበዛበታል። በጠባብ ዕቃ ውስጥ ያለው ሥር የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ጥሬውን ለምንበላው ቅጠልማ የበሽታ ተዋሲያኑም አለ። ቢያንስ ሦስት አራት ወር ተከምሮ ይብሰል።

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ በነጻ የሚገኝ የቅጠል ክምር ቢፈለግ ግን ከጫት ገረባ የሚቀድም የለም። ከምርቃናው በኋላ ተጠርጎ ከሚጣለው ገረባ ግማሹን የሰፈር ፍየሎች ይበሉታል፣ ግማሹ መንገድ ላይ ይደርቃል። እኔ ከጎረቤት እየለመንኩ እሰበስበዋለሁ፣ ሲያዩኝ ይስቃሉ። ገረባውን በደረቅ ገለባና በትንሽ ፍግ እያፈራረቁ መከመር፣ የተጨመቀ ጨርቅ ያህል እንዲረጥብ ማድረግ፣ በየሁለት ሳምንቱ ማገላበጥ ነው። ቅጠሉ ቅጠል መሆኑ ሲጠፋ፣ እጅ ሲገባበት ሙቀት ሳይኖረው ሲቀር ደርሷል። ወፍራሙ እንጨት ቶሎ ስለማይበሰብስ ለቅመው ያውጡት። አንዳንድ የጫት ማሳ ፀረ ተባይ ስለሚረጭበት ትኩሱን ገረባ በቀጥታ ከሚበላ ተክል ሥር ማንጠፍ አልወድም።

ከታች ጠጠር መደርደር

ይህን ለማሳመን የደከምኩትን ያህል በሌላ አልደከምኩም። ሁላችንም ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፦ ከታች አንድ እጅ ጠጠር፣ ከላይ አፈር፣ «ውሃው እንዲወርድ»። እውነቱ ግን ተቃራኒ ነው። ውሃ ደቃቅ ቀዳዳ ካለው አፈር ወጥቶ ሰፋፊ ቀዳዳ ወዳለው ጠጠር በቀላሉ አይገባም፤ አፈሩ ሙሉ በሙሉ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ስለዚህ ጠጠሩ ጭቃውን ወደ ሥሩ ያቀርበዋል እንጂ አያርቀውም።

ያላመነኝ ሰው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ያምጣ። ውሃ ያጥግበውና በአግድም ይያዘው፤ ጥቂት ከተንጠባጠበ በኋላ ያቆማል። አሁን ስፖንጁን ያቁመው። ማንም ሳይጨምቀው እንደገና ውሃ ይወርዳል። ከፍታ ሲጨምር የሚንጠባጠበውም ይጨምራል፤ ጥልቀት ያለው ዕቃ ከጠፍጣፋው የሚሻለውም ለዚህ ነው። ጠጠር የገባበት ዕቃ ደግሞ የአፈሩ ቁመት ያጠረ ዕቃ ነው። ቀዳዳው ላይ አንድ የሸክላ ስባሪ ወይም የወንፊት ቁራጭ ይበቃል፤ እሱም አፈሩ እንዳያመልጥ ብቻ ነው። ጭራሽ ቀዳዳ የሌለው ጀሪካን ላይ የተከለ ሰው ግን ጠጠሩን ትቶ ሚስማር ያግል።

በሰዓት ማጠጣት

«በቀን ስንት ጊዜ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። መልሱ አፈሩ ውስጥ ነው። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ይስደዱ፤ ከነርጥበቱ ከመጣ ይተዉት፣ ደርቆ ከመጣ ያጠጡት። ዕቃውን አንሥቶ ክብደቱን መለማመድም ይቻላል። በግንቦትና በሰኔ፣ የድሬዳዋ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ በሚውልበት ጊዜ፣ ትንሽ ዕቃ ላይ ያለ በሶብላ በየቀኑ ሊጠጣ ይችላል። በዚያው በረንዳ ላይ ያለው ሥጋ መጥበሻ ግን ሦስት አራት ቀን ይቆያል።

ሲያጠጡ ከታች እስኪወጣ ድረስ ያጠጡ፤ ከዚያ ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉት። በየቀኑ አንድ ስኒ ጠብ ማድረግ ከሁሉም የከፋ ነው። ላዩ ይርሳል፣ ሥሩ አያገኘውም፣ በውሃው ውስጥ ያለው ጨውም እዚያው ይከማቻል። አፈሩ በጣም ደርቆ ከዕቃው ግድግዳ ከተላቀቀ ውሃው በጎን በኩል ሾልኮ ይወጣና ያጠጣን ይመስለናል። እንዲህ ሲሆን ዕቃውን እንዳለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጡት።

የድሬ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ፦ ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሚወርድ ውሃ እጅ ያቃጥላል። በዚያ ውሃ ችግኝ የሚያጠጣ ጎረቤት ነበረኝ፣ ችግኙ በምን እንደሞተ ለብዙ ጊዜ ሲጨነቅ ኖሯል። ጠዋት በማለዳ ማጠጣት ይበልጣል።

ነጩን ቅርፊት አይቶ ማለፍ

የቤትዎን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ይመልከቱ። ያ ነጭ ቅርፊት ከውሃችን ጋር የሚመጣው የኖራ ድንጋይ ነው። ያው ነገር በአፈሩ ላይና በሸክላው ጎን ላይም ይጋገራል፤ አፈሩን ቀስ በቀስ ጨዋማና ኖራማ ያደርገዋል። አፈር ኖራማ ሲሆን ውስጡ ያለውን ብረት ተክሉ መውሰድ ያቅተዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ይገረጣል፣ ደም ሥሮቹ ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ተራበ» ይልና ከከሰል ምድጃው አመድ ያመጣለታል። አመድ ራሱ ኖራማ ነው፤ በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። አዲስ የሲሚንቶ መትከያም እንዲሁ ኖራ ስለሚለቅ ከመትከልዎ በፊት ውሃ ሞልተው እየለወጡ ጥቂት ቀናት ያቆዩት።

መድኃኒቱ ሰማይ ላይ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከዚያም በክረምት የሚጥለውን ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያ በበርሜል ይያዙ (የመጀመሪያውን አቧራ ያዘለ ውሃ አሳልፈው)። በወር አንድ ጊዜ በዚህ ውሃ አፈሩን ደህና አድርጎ ማጠብ የተከማቸውን ጨው ይዞት ይወርዳል። የቡና አተላም ቢሆን ብስባሹ ውስጥ ቢገባ ይሻላል፤ አፈሩ ላይ በወፍራሙ ከተደፋ ደርቆ ክዳን ይሆናል።

«ቅመም ፀሐይ ይወዳል» ብሎ ማመን

ይወዳል፤ የሐረርን። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነች፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ነች፤ በመካከላቸው የሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ ቢኖርም ተክሉ የሚያየው ሌላ አገር ነው። በጀጎል ውስጥ ባሉ ግቢዎች ረጃጅሙ ግንብ ራሱ ከፊል ቀኑን ጥላ ይሰጣል፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። እዚህ ከዚራ ወይም ሳቢያን ውስጥ ወደ ምዕራብ የዞረ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ዕቃ ግን ከሰዓት በኋላ የሚነደው ፀሐይ ሳያንሰው ማታ ደግሞ ግድግዳው የዋጠውን ሙቀት ይተፋበታል። የአፈሩ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ሥር ይጎዳል፤ ጥቁር ላስቲክና የዘይት ቆርቆሮ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይፈልጉም።

ስለዚህ ጠዋት እስከ አራት ወይም አምስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከዚያ ጥላ የሚሆንለት ቦታ ይምረጡ። ቆርቆሮ ካልዎት በኬሻ ይጠቅልሉት፣ ወይም በትልቅ ቅርጫት ውስጥ ያስገቡት። እኩለ ቀን ላይ የበሶብላ ቅጠል ቢጠወልግ አይደንግጡ፤ ጣት ይስደዱ፣ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ማታ ራሱ ቀና ይላል።

ሁሉንም በአንድ ዕቃ

ናና ውሃ ወዳድ ነው፣ ሥጋ መጥበሻ ውሃ ጠል። አብረው ከተተከሉ አንዱ የግድ ይከፋዋል፤ ናና ደግሞ ሥሩ እየሮጠ ዕቃውን ሁሉ ስለሚወርስ ብቻውን ይኑር። ጦስኝን በተመለከተ ተሸንፌያለሁ፤ የደጋ ተራራ ልጅ ነው፣ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ቀብሬዋለሁ። ከገበያ ደረቁን ይግዙ። ጤና አዳም ድሬን ይችላል፤ ሲቆርጡት ግን ጭማቂው እጅዎ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ቆዳ ሊያቃጥልና ውሃ ሊያስቋጥር ስለሚችል እጅዎን ወዲያው ይታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ከመጠጣት ትቆጠብ።

ድንብላልን ማዛወር

ድንብላል ሥሩ ሲነካበት ተቆጥቶ አበባ ያወጣል፣ ሙቀትም ያንኑ ያስደርገዋል። ፍሬውን በእጅ አሽተው ለሁለት ይክፈሉት፣ በሚያድግበት ዕቃ ላይ በቀጥታ ይዝሩት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ ያድርጉት። በግንቦት የዘራ ሰው ቅጠል አይጠብቅ።

መቁረጥን መፍራት

ተክሉን አዝኖለት የማይቆርጥ ሰው አንድ ረጅም እንጨትና አናቱ ላይ አራት ቅጠል ያገኛል። በሶብላው አንድ ስንዝር ሲሞላ ጫፉን ከአንድ ጥንድ ቅጠል በላይ ይቁረጡት፤ ከዚያ ጥንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። የሥጋ መጥበሻን ግን አረንጓዴውን ክፍል ብቻ ይቁረጡ፤ ቅጠል አልባው አሮጌ እንጨት ብዙ ጊዜ መልሶ አያቆጠቁጥም።

አበባው ላይ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ምክር ጋር እጣላለሁ። እነሱ «የበሶብላ አበባ እንደታየ ይቀጠፍ» ይላሉ፤ የሚፈልጉት ቅጠሉን ነዋ። እኛ ቤት ግን በርበሬና ሽሮ ውስጥ የሚገባው ያ የደረቀ አበባና ፍሬ ነው። እኔ ሁለት ዕቃ እይዛለሁ፦ አንዱን በየሳምንቱ እቆርጠዋለሁ፣ ሌላውን አበባው ጎምርቶ ወደ ቡናማ እስኪሄድ አልነካውም። ያኛው ደርቆ ሲነቀል አፈሩ እንዳለ ለሚቀጥለው ተክል አይሆንም፤ ሥሩን ለቅሜ አወጣለሁ፣ ሲሶውን በአዲስ ብስባሽ እተካለሁ፣ አንድ ጊዜ በዝናብ ውሃ አጥበዋለሁ።